ስኳሬ ደህና ሆኖ ሳለ ዓይኔ ውስጥ ቢጫ ክምችት ተገኘ፤ ከኮሌስትሮሌ ጋር ይያያዛል?

ማለዳ
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 54 ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ልታይ ሄጄ ነበር። ጠብታ አድርገውልኝ ብሌኔ ከሰፋ በኋላ ሐኪሟ ብዙ ቆይታ አየችኝና፣ በሁለቱም ዓይኖቼ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ቢጫ የስብ ክምችት እንዳለ፣ የቀኙ ደግሞ ወደ ማኩላው (ጥርት አድርጎ ወደሚያየው የሬቲና መሃል) እየተጠጋ መሆኑን ነገረችኝ። ቀጥላ "ኮሌስትሮልሽ ስንት ነው?" አለችኝ። አላውቀውም። ስለ ስኳሬ ብትጠይቀኝ የአምስት ዓመቱን በቃሌ እነግራት ነበር።

ቤት ገብቼ ወረቀቶቼን ስፈትሽ ከ8 ወር በፊት የወጣ ውጤት አገኘሁ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 269፣ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) 171፣ ኤችዲኤል (ጥሩው) 36፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 310። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ 7.1 ነው፤ ግፊቴ በቅርቡ ስለካ 138 በ84 ነበር። ለኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን ታዝዞልኝ ሦስት ወር ያህል ወሰድኩና ጭኔን ሲያመኝ በራሴ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ስኳር ክትትል ስሄድ ስለ እሱ ያነሳብኝ ሰው የለም፤ እኔም አላነሳሁም።

ግራ የገባኝ ይህ ነው፦ ዓይንን የሚጎዳው ስኳር ነው ሲባል ነው የኖርኩት። ስኳሬን ይህን ያህል ጠብቄ ይህ ከየት መጣ? የደም ስብ በእርግጥ ዓይን ውስጥ ይገባል? ዝቅ ባደርገውስ ያለው ይጠፋል? እይታዬ እስካሁን ደህና ነው፤ ፍርሃቱ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የሬቲና_ክፍል_ነርስ
እህቴ ማለዳ፣ እይታሽ ደህና ሳለ መታየትሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሬቲና ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡት ፊት መለየት ሲያቅታቸው ነው።

ቢጫው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። በሬቲና ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ጤነኛ ሲሆኑ ግድግዳቸው ጥብቅ ነው፤ ደሙ ውስጥ ያለው ስብና ፕሮቲን እንደ ልቡ አይወጣም። ስኳር ለዓመታት ከፍ ሲል ግድግዳውን ደግፈው የያዙት ሴሎች ይሞታሉ፤ ሥሩ እዚህም እዚያም ያብጣል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። የሚወጣው ፈሳሽ ውሃ፣ ፕሮቲንና ስብ ነው። ውሃውን ሬቲናው ቀስ በቀስ መልሶ ይመጠዋል፤ ስቡና ፕሮቲኑ ግን ይቀራል። ውሃ ደርቆ ጨው መሬት ላይ እንደሚቀር ማለት ነው። ሐኪሟ ያየችው እሱን ነው። አንዳንዴ የሚያፈሰውን ሥር ከቦ እንደ ቀለበት ይደረደራል።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፣ ቀዳዳውን የከፈተው በአብዛኛው ስኳርና ግፊት ነው። በቀዳዳው በኩል ምን ያህል ስብ እንደሚወጣ ግን ደምሽ ውስጥ ባለው ስብ ላይም ይወሰናል። 7.1 የዛሬ ቁጥርሽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታትስ እንዴት ነበሩ?

ማለዳ
እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ከ9 በታች ወርዶልኝ አያውቅም። ያንን አልፌዋለሁ ብዬ ረስቼው ነበር።

ታጋሽ
እኔ አንደኛው ዓይነት ስኳር ነው ያለብኝ፤ 23 ዓመት ሆነኝ። ኤልዲኤሌ 85 ነው፣ ትራይግሊሰራይዴም 90 አልፎ አያውቅም። ቢሆንም ሁለቱም ዓይኖቼ ሌዘር ተሠርተዋል። ስለዚህ ኮሌስትሮል ነው የሚለውን ነገር በጥርጣሬ ነው የማየው። ሰው ኮሌስትሮሉን አስተካክሎ ዓይኑ የዳነ እንዳይመስለው እፈራለሁ።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም
ታጋሽ ያሉት ትክክል ነው፤ ስጋትዎም ተገቢ ነው። በአንደኛው ዓይነት ስኳር የቆይታ ዘመንና የስኳር መጠን ሌላውን ሁሉ ይበልጣሉ። ከ20 ዓመት በኋላ አንደኛው ዓይነት ያለባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሬቲና ለውጥ ይታይባቸዋል፤ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት። እ.ኤ.አ. 1993 የታተመው ትልቁ የአንደኛ ዓይነት ጥናት ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር በሽታው ገና ባልጀመራቸው ሰዎች የመጀመር ዕድሉን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን የሚያህል ነገር በደም ስብ ሕክምና አልታየም።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ እዚህ አያበቃም። ኢቲዲአርኤስ በሚባለው ትልቅ የዓይን ጥናት ውስጥ የተሳታፊዎቹ ደም ተመርምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. 1996 በወጣው ዘገባ መሠረት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው 240 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከ200 በታች ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ ቢጫው ክምችት የመገኘቱ ዕድል በእጥፍ ያህል ይበልጥ ነበር። ክምችቱ የበዛባቸውም እይታቸው የመቀነስ አደጋው ከፍ ያለ ነበር። እትዬ ማለዳ 269 ነዎት፤ ሐኪሟ ኮሌስትሮልዎን የጠየቀችው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። የደም ስብ በጥብቅ የተያያዘው ከቢጫው ክምችትና ከማኩላ እብጠት ጋር ነው። ከሬቲና በሽታው አጠቃላይ ደረጃ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አንዱ አገኘሁት ይላል፣ ሌላው የለም ይላል። "ኮሌስትሮል ዓይን ያጠፋል" የሚለውም ሆነ "ኮሌስትሮል ከዓይን ጋር አይገናኝም" የሚለው አባባል ሁለቱም ይህን ልዩነት ይዘሉታል።

የአባቱ_ልጅ
ይቅርታ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አባቴ ከዓይኑ ሽፋሽፍት አጠገብ፣ ወደ አፍንጫው በኩል፣ ቢጫ እብጠት ነገር አለው። ይህ የምታወሩት ነው? ሁለተኛ፣ የእሱ ውጤት ኤልዲኤል 4.2 ይላል። ከእትዬ ማለዳ 171 ጋር ሳስተያየው በጣም ጥሩ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የሬቲና_ክፍል_ነርስ
ልጄ፣ የሽፋሽፍቱ ሌላ ነው። ቆዳ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ ነው፤ እይታን አይነካም። ብዙ ጊዜ ኮሌስትሮሉ ከፍ ካለ ሰው ላይ ይታያል፣ ትክክለኛ መጠን ባላቸውም ላይ ይወጣል። እኛ የምናወራው ዓይን ውስጥ፣ ከብሌኑ በስተጀርባ ያለውን ነው፤ በመስታወት ፊት ቆሞ የሚያየው ሰው የለም። ብሌን ሰፍቶ በመሣሪያ መታየት ወይም ፎቶ መነሳት ያስፈልገዋል። አባትህ ስኳር ካለበት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ታየ?

ፋርማሲስቷ
ለሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ሰው በዚህ ብዙ ስለሚሳሳት ነው። 4.2 በሚሊሞል ነው፣ 171 ደግሞ በሚሊግራም። ኮሌስትሮል ሲሆን ሚሊሞሉን በ38.7 ያባዛሉ። ስለዚህ የአባትህ ኤልዲኤል 162 ገደማ ነው፤ ከእትዬ ማለዳ ብዙም አይርቅም። ትራይግሊሰራይድ ሲሆን የሚባዛው በ88.6 ነው። ሁለቱን አትቀላቅላቸው።

ሌላም ልጨምር። በብዙ ላቦራቶሪ ኤልዲኤል በቀጥታ አይለካም፤ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ተቀንሶ ይሰላል። የእትዬ ማለዳ ቁጥሮች በትክክል እንዲያ ይገጥማሉ፦ 269 ሲቀነስ 36፣ ሲቀነስ 62፣ 171። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ግን ስሌቱ አይታመንም፤ ያኔ በቀጥታ እንዲለካ መጠየቅ ነው።

የአባቱ_ልጅ
162! አመሰግናለሁ። አባቴ ዓይኑን ታይቶ አያውቅም፤ ስኳሩ ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ነገ ቀጠሮ አስይዝለታለሁ።

የሬቲና_ክፍል_ነርስ
በእውነት አስይዝለት። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተገኘበት ሰው መታየት ያለበት በተገኘበት ጊዜ ነው፤ በሽታው ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላልና። አንደኛው ዓይነት ሲሆን ከ5 ዓመት በኋላ ይጀመራል። ከዚያ በአብዛኛው በየዓመቱ። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ስኳር የነበራት ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትታይ።

ሰምሃል
እኔ የኮሌስትሮል ክኒን የሚባለውን አልወድም። ስኳር ይጨምራል ይባላል፣ ጡንቻ ይጎዳል ይባላል። እህቴ ማለዳም ራሷ አሟታል። ዓይኗን ለማዳን ብላ ስኳሯን ከጨመረች ምን ተረፋት?

ፋርማሲስቷ
ሰምሃል፣ የሰማሽው ከባዶ የመጣ አይደለም። ስታቲኖች፣ ማለትም እንደ አቶርቫስታቲን ያሉት የኮሌስትሮል ክኒኖች፣ ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋሉ፤ እውነት ነው። ጭማሪው ግን ትንሽ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ከድንገተኛ የልብ ጥቃትና ከስትሮክ የሚያገኘው ጥበቃ እጅግ ይበልጠዋል። ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ መሆኑን ስለማውቅ፣ አንድ ሰው ስታቲኑን በራሱ ሲያቆም ሳይ ልቤ አይረጋም።

የጡንቻውን ሕመምም አላጣጥልም፤ የሚያመው ሰው ያመዋል። ነገር ግን ክኒኑን የወሰዱና ባዶ ክኒን የወሰዱ ሰዎች ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ሲነጻጸሩ የጡንቻ ሕመም የሚሰማቸው ቁጥር በጣም ይቀራረባል። በእርግጥ በክኒኑ ምክንያት የሚያማቸውም አሉ። ለእነሱ መጠኑን መቀነስ፣ እንደ ሮሱቫስታቲን ወዳለ ሌላ ስታቲን መቀየር፣ ወይም ስታቲን ያልሆነውን የኮሌስትሮል ክኒን ኢዜቲማይብን መጠቀም ይቻላል። እትዬ ማለዳ፣ ሕመሙን ሲናገሩ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራ ሊያዙልዎ ይችላሉ። ዝም ብሎ መተው ግን ከአማራጮቹ ሁሉ የከፋው ነው።

ማለዳ
ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ቢያንስ ደውዬ አመመኝ ማለት ይቻለኝ ነበር። እሺ፣ አሁን ስታቲኑን ብጀምር ዓይኔ ይሻለዋል?

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም
ስታቲኑን የሚጀምሩት በመጀመሪያ ለልብዎ ነው። ዓይንን በሚመለከት ማስረጃው ስስ ነው። እ.ኤ.አ. 2004 ከህንድ የወጣ፣ 30 ሰዎች ብቻ የነበሩበት ጥናት አለ፤ ሌዘር ከሚሠራላቸው ሰዎች መካከል አቶርቫስታቲን የወሰዱት ቢጫው ክምችት ይበልጥ ቀንሶላቸዋል። ተስፋ ይሰጣል፤ በ30 ሰው ግን ፍርድ አይሰጥም። ትልልቆቹ የስታቲን ጥናቶች የተሠሩት ለልብ ነው፤ ለሬቲና ግልጽ ጥቅም አላሳዩም።

ለዓይን ከበድ ያለ ማስረጃ ያለው ሌላ የስብ መድኃኒት ነው፦ ፌኖፋይብሬት። ሦስት ጥናቶችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ፊልድ ይባላል፤ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው 9,795 ሰዎች ነበሩበት። የዓይኑ ውጤት እ.ኤ.አ. 2007 ሲወጣ፣ ሌዘር ያስፈለጋቸው ባዶ ክኒን ከወሰዱት 4.9 በመቶ፣ ፌኖፋይብሬት ከወሰዱት 3.4 በመቶ ነበሩ። ሁለተኛው አኮርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. 2010። እዚያ ሁሉም ሲምቫስታቲን ይወስዱ ነበር፤ ግማሾቹ ላይ ፌኖፋይብሬት ተጨመረ። በአራት ዓመት የሬቲናው በሽታ የተባባሰባቸው 10.2 በመቶ ከነበረበት ወደ 6.5 ወረደ። ሦስተኛው ሌንስ ነው፤ በስኮትላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. 2024 ወጣ። የመጀመሪያ ደረጃ ለውጥ ያለባቸው 1,151 ሰዎች ነበሩ፤ በሽታው ተባብሶ ለልዩ ሐኪም መላክ ወይም ሕክምና ያስፈለጋቸው ከ29.2 ወደ 22.7 በመቶ ቀነሱ። የፊልድና የአኮርድ ዋና ዓላማ ልብ ነበር፤ ሌንስ ግን ከመጀመሪያው ለዓይን ተብሎ የታቀደ ነው። በዚህ የተነሳ ለእኔ ክብደቱ ይለያል።

አሁን የሚያስገርመው፦ በፊልድ የዓይኑ ጥቅም ከደም ስቡ መቀነስ ጋር አልተያያዘም። ስባቸው ከመጀመሪያው ደህና የነበሩትም ተጠቅመዋል። መድኃኒቱ የሚያነቃው ተቀባይ የሴል ክፍል በሬቲናው ውስጥም ይገኛል፤ እብጠትንና የሥሮችን ማፍሰስ እዚያው ቀጥታ እንደሚቀንስ ይታሰባል። ታጋሽ ስቤ ደህና ሆኖ ዓይኔ ታመመ ማለታቸው ከዚህ ጋር አይጋጭም። የደም ስብ ቁጥርና የስብ መድኃኒት ለዓይን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ታጋሽ
ይህን እንዲህ ለይቶ የነገረኝ ሐኪም አልነበረም። አመሰግናለሁ። ለእኔስ ፌኖፋይብሬቱ ይሆናል?

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም
ሌንስ ውስጥ አንደኛው ዓይነት ያለባቸውም ነበሩ። ሌዘር ከተሠራ በኋላ ግን ውሳኔው ከዓይን ሐኪምዎ ጋር ነው፤ መድኃኒቱ የተፈተነው በዋናነት የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለውን ለማዘግየት ነው።

ፋርማሲስቷ
ሰው ሄዶ በራሱ እንዳይገዛው ደግሞ እለምናለሁ። ፌኖፋይብሬት ከመጀመሩ በፊት ኩላሊትና ጉበት ይታያሉ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ፣ የጉበት በሽታ ያለበት፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው አይወስደውም። ክሬአቲኒን የሚባለውን የኩላሊት መለኪያ ከፍ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ ሲቆም ይመለሳል፣ ግን ክትትል ይፈልጋል። ከስታቲን ጋር ሊወሰድ ይችላል፤ ከእሱ ዘር የሆነው ጄምፋይብሮዚል ግን ከስታቲን ጋር ሲሆን ጡንቻን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ አገልግሎታቸው ስለሚቀራረብ ሰው ያቀያይራቸዋል። እርግዝና ላይም አይሆንም።

በአኮርድ ጥናቱ ካበቃና መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ሰዎቹ ሲታዩ የፌኖፋይብሬቱ ጥቅም አልቀጠለም፤ ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ግን ከዓመታት በኋላም ልዩነታቸው ይታይ ነበር።

የሬቲና_ክፍል_ነርስ
ትራይግሊሰራይድ ላይ እኔም ልጨምር፤ አንድ ቀን ያየሁት አይረሳኝም። ወጣት ነበር፣ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣው። ሬቲናውን ሳየው ደም ሥሮቹ ቀይ አልነበሩም፤ ወተት የሚሄድባቸው ይመስሉ ነበር። ደሙ ሲቀዳም ሰርሙ (ከደም ሴሎቹ የሚለየው ፈሳሽ) ነጭ ነበር። ይህ የሚታየው ትራይግሊሰራይድ በጣም ሲበዛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 2000 እና ከዚያ በላይ። እይታው ደህና ነበር፣ ትራይግሊሰራይዱ ሲወርድም ሥሮቹ ወደ ቀለማቸው ተመለሱ። የዚያን ዕለት ያስፈራን ጣፊያው አጠገብ ያለው ቆሽት ነበር፤ ከ1000 በላይ ሲሆን ቆሽት ሊቆጣ ይችላል። እህቴ፣ ያንቺ 310 ከዚህ እጅግ ይርቃል፤ የነገርኩሽ ደም ውስጥ ያለ ስብ ዓይን ላይ በዓይን እንደሚታይ እንድታውቂ ነው።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም
እትዬ ማለዳ፣ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት አንድ ነገር አስመርምሩ፦ የሽንት ፕሮቲንና የታይሮይድ ሆርሞን። በሽንት ብዙ ፕሮቲን የሚወጣበት ሰው ኮሌስትሮሉ ይጨምራል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ የማኩላ እብጠቱም ይብስበታል። የታይሮይድ ሥራ ሲደክምም ኤልዲኤል ይወጣል። ምክንያቱ እዚያ ከሆነ ሕክምናውም እዚያ ይጀምራል። ግፊትዎንም ከ130 በታች ቢያወርዱ እወዳለሁ፤ በሚያፈስ ሥር ውስጥ ግፊት ሲጨምር ይበልጥ ይፈሳል።

ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ ይዘው ይሂዱ፤ የስቡን ለዓይን ሐኪሟ፣ የዓይኑን ለስኳር ሐኪምዎ። ስምንት ወር ሙሉ 171 የሚለው ወረቀት በአንድ ፋይል፣ ሬቲናዎ በሌላ ፋይል ተቀምጠው ነበር። እኔም ራሴ የሕመምተኛ ኤልዲኤል እያየሁ ሬቲናው ምን እንደሚመስል ሳልጠይቅ ያሳለፍኳቸው ዓመታት አሉ፤ ይቆጨኛል።

ማለዳ (ከ6 ወር በኋላ)
እንደምን ሰነበታችሁ። ሳላሳውቃችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

የሽንት ፕሮቲኔ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ታይሮይዴ ደህና ነው። ስለ ጭኔ ሕመም ነገርኳቸው፤ ሲኬው ትክክል ነበር። ሮሱቫስታቲን በትንሽ መጠን ጀመርኩ፤ አላመመኝም። ሁለቱ ሐኪሞች በእኔ ወረቀት ላይ ተጻጽፈው ኩላሊቴና ጉበቴ ከታየ በኋላ ፌኖፋይብሬት ተጨመረልኝ። የግፊት መድኃኒቴም ተቀየረ።

ኤልዲኤል 84፣ ትራይግሊሰራይድ 168፣ ኤችዲኤል 39፣ የሦስት ወር ስኳር 6.9፣ ግፊት 126 በ78። ክሬአቲኒኔ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ በየሦስት ወሩ እየታየ ነው። በቀኝ ዓይኔ ኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮች የሚያሳይ ምስል) ሲነሳ መሃሉ ላይ ትንሽ እብጠት ስለነበር ሁለት ጊዜ መርፌ ተወጋሁ። እንደፈራሁት አላመመኝም።

ትናንት ሐኪሟ የድሮውንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አሳየችኝ። በግራው ቢጫዎቹ ሳስተዋል፣ ሦስቱ የሉም። በቀኙ ከማኩላው አጠገብ ያለው አሁንም አለ፤ ወደ መሃል ግን አልተጠጋም። መርፌው ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን፣ ግፊቱ ይሁን ለይቶ መናገር እንደማይቻል ነግራኛለች።

የሬቲና_ክፍል_ነርስ
እልል ብያለሁ እህቴ! ቢጫው ሲጠፋ በወራት ነው የሚጠፋው፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይፈጃል። የቀኙ አለመጠጋቱ ትልቅ ነገር ነው። ቀጣዩ ቀጠሮሽ መቼ ነው?

ማለዳ
ከሦስት ወር በኋላ። ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀድሜ ደም ተቀድቼ ውጤቱን ይዤ እሄዳለሁ።

የአባቱ_ልጅ
አባቴም ታየ። በግራው ጥቂት ነጠብጣብ ደም አለ፣ ቢጫው የለበትም። ስታቲን ጀምሯል። የሚቀጥለው ምርመራ በዓመቱ ነው፤ ቀኑን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ።